የወደቡ ስዕል ስንት ያወጣል? የአንድ የውርስ ጉዳይ ከፒያሳ

ጉዳዩ ባጭሩ ይሄ ነው። ዶሮ ማነቂያ አካባቢ ለረጅም ዓመት የኖረ ቤተሰብ፣ በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሳ ዕቃውን ጠቅልሎ ወጣ። አባትየው ከዚያ በፊት አርፈዋል። ቤቱ የቀበሌ ስለነበር የሚወረስ ቤት የለም። ያለው ዕቃ ነው፤ ቡፌ፣ አልጋ፣ የቆየ ሬዲዮ፣ እና ሳሎን ውስጥ ከሶፋው በላይ ተሰቅሎ የኖረ ትልቅ የወደብ ስዕል። ባለሸራ መርከቦች የታጨቁበት፣ ከኋላቸው ከተማ የተደረደረበት፣ ወርቃማ ፍሬም ያለው። ሌላውን ዕቃ ሦስቱ ልጆች ያለ ጭቅጭቅ ተካፈሉ። ስዕሉ ላይ ሲደርሱ ነገር ተበላሸ።

ያበላሸው ደላላ ነው። መካከለኛው ወንድም የስዕሉን ፎቶ በቴሌግራም ልኮለት ነበር። ደላላው "ይሄ የጣሊያን ኦርጅናል ነው፤ ውጭ አገር ሚሊዮኖች ያወጣል፤ እኔ ግን አሁኑኑ አራት መቶ ሺህ ብር በእጅህ አስቆጥርሃለሁ" አለው። ሌላ ፎቶም ጠየቀ፤ የፍሬሙን አራት ማዕዘን ቀረብ አድርገህ አንሳልኝ ብሎ። ወንድምየው ልቡ ለሽያጩ አደላ። ታላቅየዋ እህት "የአባቴ ስዕል አይሸጥም" አለች። ዋሽንግተን የምትኖረው ታናሿ ደግሞ ሚሊዮን የሚያወጣ ከሆነ ለምን በአራት መቶ ሺህ፣ ወደዚህ ላኩትና ጨረታ ላይ ይውጣ አለች። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ በስልክ ሲነታረክ ከረመ።

እኔ ዘንድ የመጡት እንዲህ ሆነው ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ፍሬም እሠራለሁ፣ የተጎዳ ስዕልም እጠግናለሁ። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፤ "ስንት ያወጣል?" እኔ ደግሞ ለዚህ ጥያቄ ቶሎ መልስ የሚሰጥ ሰው አላምንም። መጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሆነ ይታወቅ፤ መቼ ተሠራ፣ በምን ተሠራ፣ የሠራው ሰው ምን ያውቅ ነበር። ዋጋው ከዚያ ይመጣል። በዚህ ተስማማን፤ ስዕሉን በብርድ ልብስ ጠቅልለው በላዳ አመጡት።

ከምርመራው በፊት የቤተሰቡን ታሪክ ሰማሁ፤ ታሪክ ግማሽ ማስረጃ ነውና። አያትየው ፒያሳ ለነበረ አንድ የጣሊያን ነጋዴ ይሠሩ ነበር። ነጋዴው አገሩ ሲገባ ስዕሉን በስጦታ ትቶላቸው ሄደ። ስዕሉ ራሱ ከጣሊያን በመርከብ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በባቡር ለገሃር የደረሰ ነው፤ ያውም ከወረራው በፊት። የማይሆን ነገር አይደለም። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ገብቷል፤ ጣሊያኑም ግሪኩም አርመኑም ዕቃውን በዚያው መስመር ነበር የሚያስመጣው። ቤተሰቡ ለዚህ ታሪክ ሦስት ማረጋገጫ አለን አሉ። አንደኛው መርከብ የጣሊያን ባንዲራ ይዟል። ስዕሉ ቢጫና ቡናማ ሆኗል፣ "እርጅናው ያስታውቃል።" ፍሬሙ ደግሞ የዛሬ ሥራ አይደለም።

ከቢጫው ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ስለሆነ። የዘይት ቀለም ስዕል ላይ የሚቀባው የድሮ ቫርኒሽ ከዛፍ ሙጫ የሚሠራ ነው፤ ዕድሜው ሲገፋ እውነትም ቢጫ ይሆናል። ግን አዲስ አበባ ውስጥ ስዕልን ቢጫ የሚያደርግ ሌላም ነገር አለ። ከሰል አለ። ዕጣን አለ። በቀን ሁለቴ ሦስቴ ቡና የሚፈላበት ሳሎን አለ። ይሄ ስዕል ከሶፋው በላይ፣ ረከቦቱ ከሚቀመጥበት ቦታ ፊት ለፊት ነበር የኖረው። ለጥርጣሬዬ ሁለት ነገር አደረግሁ። ጎረቤቴ ካለው ሱቅ የብር መፈተሻ መብራት ተዋስኩ፤ ያቺን ሐምራዊ ብርሃን የምትሰጠውን። የድሮ ቫርኒሽ በዚህ ብርሃን ሲታይ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ጭጋግ ያለ ፍካት ያወጣል። ሱቁን አጨልመን አበራነው። ምንም። እንደደበዘዘ ቀረ። ከዚያ ጥጥ እንጨት ላይ ጠቅልዬ በምራቄ አረጠብኩና ከታች ጥግ ላይ፣ የማስቲሽ ቆርኪ በምታክል ቦታ፣ ቀስ ብዬ አንከባለልኩት። ምራቅ ስል ታናሿ በቪዲዮ ሳቀች። አይሳቅም፤ የትልልቅ ሙዚየሞች ባለሙያዎችም ይጠቀሙበታል፣ ምክንያቱም ውስጡ ያለው ኢንዛይም ቀለሙን ሳይነካ ቆሻሻውን ያላላል። ጥጡ እንደ ቡና አተላ ሆኖ ወጣ። ከሥሩ ብሩህ ሰማያዊ ውሃ ብቅ አለ። ቢጫው ዕድሜ ሳይሆን ጭስ ነበር።

በዚህ አጋጣሚ፣ ሌላኛው ጥግ ላይ ቀለሙ ተልጦ አየሁና ማን ነካው ብዬ ጠየቅኩ። ዝም ዝም ተባባሉ። በኋላ ወንድምየው ለፎቶው እንዲያምር ብሎ በሎሚ እንደፈተገው ተናገረ። እባካችሁ። ሎሚ፣ ነጭ ጋዝ፣ በረኪና፣ ድንች፣ ሽንኩርት ወደ ስዕል አይጠጉ። ሰሌን አይደለም።

ከዚያ ገለበጥኩት። ስዕል ሲመጣልኝ ፊቱን ከማየቴ በፊት ጀርባውን ባየው ይሻለኛል፤ ፊት ይዋሻል፣ ጀርባን ለማስዋሸት ግን የሚደክም ሰው ጥቂት ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ የተልባ እግር ጨርቅ ጀርባው ጠቁሮ ቡናማ ይሆናል፣ ሲነኩት ደረቅ ነው። የዚህኛው ጀርባ ክሬም ነው፤ ሽመናው ወጥ፣ የማሽን። ጨርቁ እንጨቱ ላይ የተያዘው በምስማር ሳይሆን በስቴፕለር ሽቦ ነው። የስቴፕለር ሽቦ ብቻውን አያስፈርድም፤ የድሮ ስዕል ነቅሎ እንደገና የሚወጥር ሰው አለ። ያኔ ግን የቀድሞው ምስማር ቀዳዳ ጠርዙ ላይ ይቀራል። እዚህ ሌላ ቀዳዳ የለም። እንጨቱም ማዕዘኖቹ ላይ ጨርቁ ሲላላ የሚመቱት ሽብልቅ የለውም፤ ዝም ብሎ ተጋጥሞ የተመታ ነው። ለኔ ይሄ የሃያኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ሥራ ነው። ፊርማ አለው፤ ቀይ፣ በላቲን ፊደል፣ የማይነበብ። ወንድምየው ፊርማው ላይ ብዙ ተስፋ ጥሎ ነበር። ለገበያ የሚስሉ ስቱዲዮዎች የፈለሰፉትን ስም እንደሚፈርሙ ስነግረው ደስ አላለውም።

እስከዚህ ድረስ ያለው የማንኛውም ስዕል ምርመራ ነው። ይሄንን ጉዳይ ልዩ የሚያደርገው መርከቦቹ ናቸው።

ስዕሉ መሐል ላይ ሁለት ትልልቅ መርከቦች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ሦስት ምሰሶ። ሁለቱም ሸራቸውን በሙሉ ዘርግተዋል፤ ሸራው እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ተነፍቷል። የግራኛው ሸራ ወደ ቀኝ ተነፍቷል፤ የቀኙ ወደ ግራ። ማለትም አንዱ ነፋስ ከኋላው እየገፋው ወደ ቀኝ ይበራል፣ ሌላው ደግሞ ነፋስ ከኋላው እየገፋው ወደ ግራ ይበራል፤ በመካከላቸው ያለው ውሃ የአንድ መርከብ ርዝመት እንኳ አይሞላም። በመካከላቸው ጭስ የምታወጣ ትንሽ የእንፋሎት ጀልባ አለች። ጭሷ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ነፋስ የለም ማለት ነው። ባንዲራዎቹን ተዋቸው። የግራኛው መርከብ የፊት ምሰሶ ባንዲራ ወደ ቀኝ፣ የመሐሉ ወደ ግራ ይውለበለባል። አንድ ወደብ ላይ ሦስት ዓይነት አየር!

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ባንዲራና ሸራ በተለያየ አቅጣጫ ስለታዩ ብቻ ስዕል ውድቅ አይደረግም። ነፋስ ከጎንና ከፊት በኩል ሲመጣ፣ ባለሸራ መርከብ ሸራውን አጣሞ ወደፊት መሄድ ይችላል፤ ባንዲራው ግን ወደ ኋላ ይበራል። ወደብ ውስጥ የተዘረጋ ሸራ ማየትም በራሱ ስህተት አይደለም። መርከበኞች ከዝናብ በኋላ ሸራ እንዳይበሰብስ ዘርግተው ያደርቁታል፤ የሆላንድ የጥንት ሠዓሊያን ይህን ደጋግመው ስለውታል። የሚደርቅ ሸራ ግን እንደተሰጣ አንሶላ ተንጠልጥሎ ነው የሚታየው፣ አይነፋም። በተጨናነቀ ወደብ ሸራ እስከ ጫፉ ነፍቶ የሚገባ ካፒቴን የለም። ከመግባቱ በፊት ሸራውን ይሰበስባል፤ ከዚያ በገመድ ይጎተታል፣ ወይም ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በእንፋሎት ጀልባ ይሳባል። የእንግሊዙ ተርነር እ.ኤ.አ. በ1839 ለእይታ ያቀረበው፣ ቴሜሬር የተባለችው የጦር መርከብ ሥዕል ይህንኑ ነው የሚያሳየው፤ ትልቋ መርከብ ሸራዋ ተሰብስቦ በጥቁር ጭሳም ጀልባ ትጎተታለች።

ገመዶቹንም በማጉያ አየኋቸው። መርከብ ላይ እያንዳንዱ ገመድ ሥራ አለው፤ ከአንድ ቦታ ተነስቶ አንድ ቦታ ይታሰራል። እዚህ ከምሰሶው ጫፍ ተነስቶ ሰማይ ላይ የሚቀር ገመድ አለ። የሸራዎቹ የታች ማዕዘኖች ደግሞ በምንም አልታሰሩም። ያለ ገመድ ተነፍተው ቆመዋል።

ይሄ ሁሉ የሚለው አንድ ነገር ነው። የሣለው ሰው መርከብ አላየም፤ የመርከብ ስዕል ነው ያየው። ምናልባትም ከሁለት ከሦስት ስዕል ላይ እያነሳ ነው የገጣጠመው። የድሮዎቹን የባሕር ሠዓሊያን ብታዩ ሌላ ዓለም ናቸው። ቪለም ቫን ደ ቬልደ አባትና ልጅ ሆላንዳውያን ነበሩ፤ አባትየው በባሕር ላይ ጦርነት መሐል በትንሽ ጀልባ ተቀምጦ ንድፍ ይነድፍ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1672 እስከ 1673 ባለው ክረምት ወደ እንግሊዝ ተሻግረው ለንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ ሠሩ። ፈረንሳዊው ዮሴፍ ቬርኔ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1753 ለንጉሥ ሉዊ 15ኛ ትልልቅ የፈረንሳይ ወደቦችን እንዲስል ታዞ፣ ከማርሴይ ጀምሮ ከተማ ለከተማ እየዞረ ከአሥር ዓመት በላይ ለፋ፤ ሃያ አራት ታስቦ አሥራ አምስት ጨረሰ። እነዚህ ሰዎች ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ሳያውቁ ብሩሽ አያነሱም ነበር። ደንበኞቻቸው መርከበኛና የጦር አዛዥ ናቸው፤ አንዲት ገመድ ብትጣመም ይስቁባቸዋል። ለሳሎን ግድግዳ የሚስል ስቱዲዮ ግን የሚስቅበት የለም።

ባንዲራውስ? የጣሊያን ነው የተባለው አረንጓዴ፣ ነጭ፣ ቀይ ብቻ ነው። ጣሊያን ከተዋሐደችበት ከ1861 እስከ 1946 ድረስ ባንዲራዋ መሐል ላይ የሳቮያ ንጉሣውያን ጋሻ ነበረው፤ ቀይ ጋሻ ላይ ነጭ መስቀል። እነዚህ ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ከወረራው በፊት የተሳለ የጣሊያን መርከብ ይህንን ነው መያዝ ያለበት። ባንዲራው የአውራ ጣት ጥፍር ያክላል፤ ጋሻውን ለመሳል ጠቦት ይሆናል ብዬ ነበር። አጠገቡ ያለው መርከብ ግን በዚያው መጠን ቀይ ባንዲራ ላይ ነጭ መስቀል በጥንቃቄ ተሥሎለታል። ስለዚህ የማረጋገጫ ተብሎ የቀረበው ባንዲራ ተቃራኒውን ነው የመሰከረው።

ከተማው ላይ ቤተሰቡ ለዓመታት ሲከራከር ኖሯል። አባትየው ናፖሊ ነው ይሉ ነበር፣ ከኋላ የሚጨስ የሚመስል ተራራ ስላለ። አንድ ዘመድ ምፅዋ ነው ብሎ ነበር፤ ይሄኛውን ዝም ብዬ አለፍኩት። ተራራው እውነትም ቬሱቪዮስን ይመስላል። ከሥሩ የተደረደሩት ቤቶች ግን ፊታቸው እንደ ደረጃ እየጠበበ የሚወጣ፣ የአምስተርዳም ዓይነት ናቸው። ሆላንድ ተራራ የለም፣ ናፖሊም እንዲህ ዓይነት ቤት የለም። ከተማው የትም የለም።

ታላቅየዋ "ታዲያ ውሸት ነው?" አለች፤ ከፋት። ይሄ ግን ከመርከቦቹ ጋር አንድ አይደለም። ያልነበረ ወደብ መሳል ራሱን የቻለ የተከበረ ልማድ ነበር። ሎንዶን ናሽናል ጋለሪ ውስጥ ክሎድ ሎሬን እ.ኤ.አ. በ1648 የሣለው ትልቅ የወደብ ስዕል አለ፤ ንግሥተ ሳባ ወደ ንጉሥ ሰለሞን ልትሄድ መርከብ ስትሳፈር። የኛዋ ንግሥት! የምትነሳበት ወደብ ግን የሮም አምድና ቅስት የተደረደረበት ነው፤ ቀይ ባሕርንም የመንንም አክሱምንም የሚያስታውስ አንዳች የለውም። ማንም ስህተት ነው አላለውም። ተርነር እንዲያውም የራሱ ስዕል ከዚህ ጎን እንዲሰቀል ኑዛዜ ትቶ ነው የሞተው። የሎሬን ከተማ የፈጠራ ነው፣ ብርሃኑ ግን እውነት ነው፤ ፀሐይዋ ካለችበት ነው ጥላው ሁሉ የሚመዘዘው። የኛው ስዕል ላይ ጥላውም እንደ ነፋሱ ነው።

አሁን ወደ ፍሬሙ። እዚህ ላይ እኔም ተገረምኩ። ከላይ የተቀባው ወርቃማ ቀለም ርካሽ ነው፤ ወደ አረንጓዴ እየሄደ ጠቁሯል። አንድ ማዕዘን ተሰብሮ ነበር፣ በስብራቱ በኩል ሽፋኖቹ ተራ በተራ ይታያሉ። ከሥር እንጨት። በላዩ ወፍራም ነጭ ጀሶ። በላዩ ስስ ቀይ አፈር። በቀዩ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ እውነተኛ የወርቅ ቅጠል፤ ያልጠቆረ፣ ያልዛገ። ከዚያ ነው ያ ርካሹ ቀለም በኋላ የተደፋበት። የእጅ ሥራ ነው፣ አሮጌ ነው፣ ጥሩም ነው። ውስጡን ሳይ ደግሞ ስዕሉ ልኩ አይደለም። ክፍተቱ በኮምፔንሳቶ ቁራጭ ዙሪያውን ተሞልቷል። የፍሬሙ ጀርባ ላይ አሁን ካሉት ምስማሮች ሌላ፣ ዝገት የበላቸው የጥንት ቀዳዳዎች አሉ። ይህ ፍሬም ለሌላ፣ ለተለቀ ስዕል የተሠራ ነው። ደላላው የፍሬሙን ማዕዘን ለምን እንደፈለገው ያኔ ገባኝ።

ስለዚህ የአያትየው ታሪክ ውሸት ላይሆን ይችላል አልኳቸው። የጣሊያኑ ስጦታ ፍሬሙ ከሆነ፣ ውስጡ የነበረው የት ሄደ? ከነሱ መሐል የሚያውቅ የለም። አሁንም ያሉ አንዲት አክስት እንዳሏቸው ተናገሩ፤ ሽሮ ሜዳ ነው የሚኖሩት። ታላቅየዋ ሄዳ ጠየቀቻቸው፣ እኔንም በስልክ አገናኘችኝ። እማማ ምንም አልተጨነቁም። "የፊተኛው እኮ ሌላ ነበር" አሉ። በደርግ ጊዜ አንድ ክረምት ጣሪያው አፍስሶ ስዕሉን አበስብሶ ጣለው። የአባትየው ወንድም ያኔ የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ላይ ይሠራ ነበር፤ አሰብ የኛ በነበረበት ዘመን። ከሩቅ ምሥራቅ ሲመለስ አንድ የወደብ ስዕል ጠቅልሎ አመጣላቸው፤ ፍሬሙ ባዶ እንዳይቀር ተብሎ ገባበት።

"እሱ ግን ባየው ቁጥር ይስቅ ነበር" አሉ እማማ። "ከመርከብ ወርዶ ቤት በገባ ቁጥር ቀና ብሎ ያይና 'እነዚህ ሁለቱ እስካሁን አልተጋጩም?' ይላል። እኛ ለጨዋታ መስሎን አብረን እንስቃለን።"

ከምርመራዬ ሁሉ ይሄ ይበልጣል። ቤቱ ውስጥ መርከብ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም አስቀድሞ ፈርዷል።

አንድ ገጽ ጻፍኩላቸው። ስዕሉ በእጅ የተሳለ የዘይት ቀለም ነው፣ ህትመት አይደለም፤ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ለጌጥ ገበያ የተሠራ ነው፤ ዋጋው የደህና ሶፋ ዋጋ እንኳ አይደርስም። ፍሬሙ ከስዕሉ ይቀድማል፣ የወርቅ ቅጠሉ ከዳነ ከስዕሉ ብዙ እጥፍ ያወጣል። ይሄ ወረቀት ጭቅጭቁን ይጨርሳል ብዬ ነበር፤ ፍሬሙ ላይ አዲስ ጀመሩ! ደላላውም ወሬው ደርሶት ደወለ፣ እኔ ጋ። "ፍሬሙን ብቻ ከሆነስ?" አለ። ለባለቤቶቹ ንገር አልኩት። ወንድምየው ስለ ማዕዘኖቹ ፎቶ ከኔ ሰምቶ ስለነበር ስልኩን አላነሳለትም።

ታናሿ የአሜሪካውን ሐሳብ ራሷ ተወችው፤ የማጓጓዣው ሂሳብ ከስዕሉ በለጠ። ቢሆንም አንድ ነገር ነግሬያታለሁ፣ ለሌላውም ይጠቅማል። የቆየ የሚመስል ማንኛውንም ስዕልና ፍሬም ከአገር ማውጣት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ቅርስ ባለሥልጣን አስመርምሮ ወረቀት ይያዝ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ ይከለክላል፤ የናንተ ዕቃ ቅርስ አለመሆኑን ቦሌ ላይ ቆማችሁ፣ አውሮፕላን ሊነሳባችሁ ሲል፣ ማስረዳት አትችሉም።

በመጨረሻ እንዲህ ተካፈሉ። ፍሬሙን ወንድምየው ወሰደ፤ እኔ ጋ ነው ያለው፣ ርካሹን ቀለም ቀስ እያልኩ እያነሳሁለት ነው፣ መስታወት ሊያስገባበት ይፈልጋል። በምትኩ ቡፌውን ለታናሿ ድርሻ ለቀቀ። ስዕሉን ታላቅየዋ ወሰደች። ጭሱን አጥቤ፣ በሎሚ የተላጠውን ጥግ ሞልቼ፣ ቀለል ያለ የዝግባ ፍሬም አደረግሁለት። አሁን ኮንዶሚኒየሟ ውስጥ ተሰቅሏል። ቡናውን ከግድግዳው ራቅ አድርጋ እንድታፈላ ነግሬያታለሁ፤ "እሺ" ብላኛለች፣ ሳሎኑ ግን ጠባብ ነው።